ለሐኪሙ ያልተነገረች አንዲት ቃል

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ ደወሉልኝ። ትልቋ ልጃቸው አዲስ አበባ ትማራለች። ለእረፍት ስትመጣ ልብሷን ሊያጥቡላት ሻንጣዋን ሲከፍቱ ታምፖን የሚባለውን አገኙ። በወር አበባ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ጣት የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ክር ያለው የጥጥ ጥቅል ነው። «ሲስተር፣ ይኼ ነገር ሰው ይገድላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ ነው? ልጅቷን እንዳልጠይቃት አፈርኩ፤ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉኝ።

የሰሙት ወሬ ብቻ አይደለም። ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም የሚባል በሽታ አለ፤ ሰውም ይገድላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በሽታ ነው። ታምፖን ከሚጠቀሙት በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሴቶች መካከል የሚይዘው እጅግ ጥቂቶቹን ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበትም ይድናል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን በጆሮዬ የቀረው «ልጅቷን እንዳልጠይቃት አፈርኩ» ያሉት ነው። በዚህ በሽታ ነገር እኔ ከታምፖኑ ይልቅ የምፈራው ይህችን እፍረት ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ላስረዳ።

በሽታው ምንድን ነው?

ስሙ ባዕድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለመረዳት አይከብድም። በባክቴሪያ መርዝ ምክንያት የደም ግፊት በድንገት ሲወድቅ ማለት ነው። መርዙን የሚያመርቱት ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ስታፊሎኮከስ ይባላል፤ ከሦስት ሰው በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ሁለተኛው ስትሬፕቶኮከስ ነው፤ ልጆቻችን ቶንሲል ሲታመሙ ጉሮሯቸውን ከሚያቆስሉት አንዱ እሱ ነው። ሁለቱም የቤት ሰዎች እንጂ እንግዶች አይደሉም።

ችግሩ የሚጀምረው ምቹ ቦታ ሲያገኙ ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ የተጠራቀመ ደም ወይም በአግባቡ ያልጸዳ ቁስል ሲያገኙ ይራባሉ፤ አንዳንዶቹም መርዝ ያመርታሉ። መርዙ ወደ ደም ሲገባ የሰውነትን መከላከያ ያሳብደዋል። የመንዝ ሰው በግ አርቢ ነውና በበግ ልመስለው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የአንድ ቤት ውሻ ቢነሳ በጎቹ ይተርፋሉ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በጨለማ ተለቆ በረት ውስጥ ቢገባ ግን በጎቹን የሚጨርሳቸው ጅቡ ሳይሆን ውሾቹ ናቸው። ሰውነታችን ለአንድ ጀርም ከአሥር ሺህ የመከላከያ ሕዋሳት አንዱን ያህል ቢያስነሳ ነው፤ ይህ መርዝ ግን ከአምስቱ አንዱን ያህል በአንድ ጊዜ ሊያስነሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሳልፋሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ጉበት በቂ ደም አያገኙም። ጠዋት ደህና የነበረች ልጅ ማታ ራሷን ልትስት የምትችለው ለዚህ ነው።

አብዛኛው አዋቂ ሰው በዕድሜው ከስታፊሎኮከሱ መርዝ ጋር ስለተዋወቀ የሚያከሽፍበት መከላከያ በደሙ ውስጥ አለው። ልጆችና ወጣቶች ግን ብዙዎቹ ገና አላዳበሩትም። ከአያት ይልቅ ለልጅ ልጅ መጠንቀቅ ያለብን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታምፖን ስሙ እንዴት ተነሳ?

ለበሽታው ስም ያወጣለት ጀምስ ቶድ የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 እሱና ባልደረቦቹ ከ8 እስከ 17 ዓመት ስለሆናቸው 7 ልጆች ጽፈው አሳወቁ። ከልጆቹ መካከል ወንዶችም ነበሩበት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በሽታው በመጀመሪያ የታወቀው የወር አበባ በሽታ ሆኖ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ከወር አበባ ጋር የተያያዘ 813 ሕመምተኛ ተመዘገበ፤ 38ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ ደም በብዛት የሚመጥ ታምፖን የተጠቀሙ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ታምፖኑ ብዙ ስለሚመጥ ቶሎ አይቀየርም፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ለባክቴሪያው ምቹ ቤት ይሆናል። በተለይ ስሙ የተነሳው «ሬላይ» የተባለው ምርት በዚያው ዓመት በመስከረም ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመምጠጥ አቅማቸው ልክ ወጣለት፣ በየካርቶኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፣ የሕመምተኛውም ቁጥር በጣም ቀነሰ። ዛሬ በእነዚያ አገሮች ከሚታየው ሕመምተኛ ግማሽ ያህሉ ከወር አበባ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ወደ እኛ ቤት የሚገባባቸው በሮች

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች የውርጭ አገር ናት። ቤተሰብ የሚሰበሰበው ምድጃ ዙሪያ ነው። ሕፃኑ እዚያው ይድሃል፣ ጀበናው እዚያው ይንተከተካል፣ የሽሮው ድስት እዚያው ይወርዳል። ስለዚህ በእኛ ቤት ከታምፖን በፊት የምቆጥረው በር ቃጠሎ ነው። ይህ በሽታ ከተቃጠሉ ሰዎች መካከል አብልጦ የሚያጠቃው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት ነው። የሚገርመው ደግሞ የሚመጣው ሰውነቱ በሰፊው በተቃጠለ ልጅ ላይ ብቻ አይደለም። «ትንሽ ናት፣ ትድናለች» በተባለች ቃጠሎ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመጣል።

ሌሎች በሮችም አሉ። «ጉድፍ» የምንለው ውሃ የሚቋጥር የልጆች ሽፍታ ሲታከክ ይቆስላል፤ ስትሬፕቶኮከስ በዚያ ይገባል። ነስር ሲያስቸግር አፍንጫ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚረሳ ጥጥ ወይም ጨርቅ ሌላው በር ነው። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ማህፀን ራሱ ትልቅ ቁስል ነው። በልማድ እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስወለቅም ንጹሕ ባልሆነ ስለት የሚከፈቱ በሮች ናቸው። ቁስልን ተከትሎ የሚመጣው የስትሬፕቶኮከሱ ዓይነት ደግሞ የከፋ ነው፤ ሕክምና አግኝተውም ከሦስት ሕመምተኞች አንዱና ከዚያም በላይ ሊሞት ይችላል።

«ምች ነው» ብላችሁ አትለፉት

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልምጣ። በድንገት የሚነሳ፣ 39 ዲግሪ የሚደርስ ወይም የሚያልፍ ትኩሳት፤ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ ሽፍታ፤ ማስመለስና ተቅማጥ፤ ከባድ የጡንቻ ሕመም፤ የዓይን፣ የአፍና የምላስ መቅላት፤ ሲቆሙ ማዞር፤ ግራ መጋባትና መዘባረቅ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የእጅ መዳፍና የእግር ጫማ ቆዳ ሊላጥ ይችላል፤ ያን ለማየት ግን መጠበቅ የለብንም።

ይህን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ «ይኼማ ምች ነው» ብላችኋል። እኔም እንደ እናንተ ነው ያደግሁት። ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ሲመጡ ዳማከሴ ይቆረጣል፣ ይታሻል፣ ልጁ ተጠቅልሎ ይተኛል። ማስመለሱ ከበረታ «የበላው ነገር ነው» ይባላል። ሕክምና ቤት ሲደረስም ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ዳማከሴውን አልነቅፍም። ጠበል ለሚሄድም ጠበሉ አይቀርበትም። ነገር ግን ይህ በሽታ ሰዓት አይሰጥም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ሌላው ይከተላል።

ስለ ሽፍታው አንድ ነገር ልጨምር። በመጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» ተብሎ የሚጻፈው በእኛ ቆዳ ላይ በደንብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ መዳፉን፣ የእግሩን ጫማ፣ የዓይኑን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል፣ ከንፈሩንና ምላሱን በደህና ብርሃን እዩ።

የደም ግፊት መውረዱንስ ያለ መሣሪያ በምን ታውቃላችሁ? እጅና እግር መቀዝቀዙ አንዱ ምልክት ነው። በመንዝ ብርድ የማን እጅ ይሞቃል እንዳትሉኝ፤ ልጁ ባና ለብሶ እሳት አጠገብ ተኝቶ፣ ደረቱ እየነደደ፣ እጅና እግሩ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ ያስፈራል። የጣቱን ጥፍር ለአምስት ሰከንድ ያህል ጫን ብላችሁ ልቀቁት፤ የነጣው ቀለም ሦስት ሰከንድ አልፎም ካልተመለሰ ደሙ በቂ እየደረሰ አይደለም። ከስድስት ሰዓት በላይ ሽንት አለመሽናትም ሌላው ምልክት ነው። ቁስሉ ከሚታየው መጠን በላይ እጅግ የሚያም ከሆነም አትናቁት። ከእነዚህ አንዱ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ነገ ጠዋት አይባልም፤ አሁን ነው የሚኬደው።

ያቺ ቃል

እዚህ ላይ ነው እፍረቱን የማነሳው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከመሐል ሜዳ ራቅ ካለ ቀበሌ በአባቷ በቅሎ ተጭና ጤና ጣቢያ ደረሰች እንበል። አባት ምን ይላል? «ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ ትኩሳት አላት።» ሁሉም እውነት ነው። ሐኪሙ ግን ይህን ሰምቶ የሚያስበው የሆድ በሽታ ነው። የወር አበባዋ ከመጣ ሦስተኛ ቀኗ መሆኑን፣ ከትናንት ጀምሮ ያልወጣ ነገር ውስጧ መኖሩን አባት አያውቅም። እናት ታውቅ ይሆናል፤ ልጅቷ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ስትሳለም አይታታለች። ግን በቤታችን ይህ ነገር ይታወቃል እንጂ አይነገርም። ልጅቷም ወንዱ ነርስ ፊት፣ አባቷ አጠገብ ቆሞ፣ አፏን አትከፍትም።

የበሽታውን ምንጭ ሳያወጡ ማከም በረት ውስጥ ጅብ ትቶ በር እንደመዝጋት ነው። ሐኪሙ ቃሏን ከሰማ የሚሠራው የታወቀ ነው። ውስጥ ያለውን ያወጣል ወይም ቁስሉን ያጸዳል። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ይሰጣል፤ ሰው «ግሉኮስ ተሰቀለላት» የሚለው ነው። ባክቴሪያውን የሚገድል አንቲባዮቲክ ይጀምራል፤ መርዙ እንዳይመረት የሚያግደውን ክሊንዳማይሲንም ይጨምርበታል። የደም ግፊቷን፣ ሽንቷንና አተነፋፈሷን ይከታተላል። ከአቅም በላይ ከሆነ ከመሐል ሜዳ ሆስፒታል ወደ ደብረ ብርሃን ይልካል። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ፈሳሹና መድኃኒቱ ከመነሳት በፊት መጀመራቸው ሕይወት ነው። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ደግሞ ከዚያች ቃል ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አያቶቻችን ያወቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁን ብቻዋን አስቀምጣችሁ ይህን ንገሯት፦ «በወር አበባሽ ጊዜ ትኩሳት ከያዘሽ ምንም ነገር ውስጥሽ ካለ አውጪ፣ ለእኔም ንገሪኝ፣ ለሐኪሙም ንገሪ። ካፈርሽ ሴት ነርስ ትምጣልኝ፣ ሌላው ሰው ይውጣልኝ በይ።» አባቶችም ድርሻ አላችሁ። ዝርዝሩን ማወቅ የለባችሁም፤ ልጃችሁን ያደረሳችሁ እንደሆነ «እኔ ልውጣና ለብቻዋ አናግሯት» ማለት ብቻ ይበቃል። እናት መሄድ ካልቻለች በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትላክ።

በቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ታምፖን የምትጠቀም ልጅ ካለቻችሁ መከልከል አያስፈልግም፤ ማስተማር እንጂ። ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ። ለደሟ መጠን የሚበቃውን ዝቅተኛውን ዓይነት ትምረጥ። በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ ትቀይር፤ ከ8 ሰዓት በላይ ፈጽሞ አታቆይ። ለሌሊት ሞዴስ ትጠቀም። የወር አበባዋ ሲያበቃ የመጨረሻውን ማውጣቷን ታረጋግጥ። አንድ ጊዜ ይህ በሽታ የያዛት ልጅ ሊመለስባት ስለሚችል ታምፖን ደግማ አትጠቀም።

ከላስቲክ መሰል ነገር የሚሠራው የወር አበባ ኩባያም እየተለመደ ነው። በእሱም አልፎ አልፎ በሽታው ታይቷል፤ ስለዚህ እሱንም ከ8 ሰዓት ሳያልፍ አውጥቶ ማጠብ ይሻላል። ከወር ወር ሲሻገር በፈላ ውሃ መቀቀል አለበት። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ልብ ይበል፤ በመሐል ሜዳ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ።

ሞዴስና ጨርቅ ከውጭ ስለሚደረጉ ለዚህ በሽታ አያሰጉም። ቢሆንም ንጽሕናቸው መጠበቅ አለበት፤ ሞዴስ አለቀ ተብሎም ጨርቅ ወይም ጥጥ ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ክልክል ነው። የመንዝ ጭጋግ ጨርቅ አያደርቅም፤ ልጅቷ ደግሞ አፍራ ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች፣ እርጥቡን መልሳ ታደርገዋለች። በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይሰጣ፤ ሰው እንዳያየው ከተፈለገ ስስ ነጠላ ጣል ይደረግበት። ፀሐይ ከጠፋ በካውያ ይተኮስ። እየታጠበ የሚደጋገም ሞዴስ በመቀሌ ፋብሪካ ከፍተው የሚያመርቱት ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። ዓለም ያከበረውን ነገር እኛ ፍራሽ ሥር ልንደብቀው አይገባም።

ልጅ ሲቃጠል ደግሞ አያቶች አደራ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። የተቃጠለውን ቦታ ብቻ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ የቀረውን ሰውነት በጋቢ ጠቅልላችሁ ከብርድ ጠብቁት። በረዶ አይነካው። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያም ለአምስት ቀን ያህል ትኩሳቱን ተከታተሉ። ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማስመለስ ወይም ያልተለመደ ድንዛዜ ካያችሁ ቁስሉ የዳነ ቢመስልም መልሳችሁ ውሰዱት። ለቁርጥማቱ ብላችሁ ዲክሎፌናክ አታስወጉት፤ የደም ግፊቱ በወረደ ሰው ላይ ኩላሊት ይጎዳል። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም አትጀምሩለት።

በመጨረሻ፣ የወረዳችሁን የአምቡላንስ ስልክና የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁጥር ዛሬውኑ በሩ ጀርባ ለጥፉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ከሥሩም እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ የሚያደርሰው ማንም ይሁን ለሐኪሙ ያንብብለት።

«ትኩሳትና ሽፍታ አላት፣ ስትቆም ያዞራታል፤ የወር አበባዋ ከመጣ ይህን ያህል ቀን ሆኗል፣ የተጠቀመችውም ይህን ነው።»

«ትኩሳት አለው፣ ደንዝዟል፤ ከዚህን ያህል ቀን በፊት ተቃጥሏል ወይም ቆስሏል፣ ቁስሉም እዚህ ጋ ነው።»